የገሰሰ ቅኝት

ካሴ ወንድሙን የጠላው ገና ከጭነት መኪናው ሳይወርድ ነው። ድሮም ይጠላው ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን እንደ አዲስ ጠላው። ስምንት ዓመት ያላየውን ሰው ሊቀበል ወረታ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ፊቱን ከማየቱ በፊት በክንዱ ያቀፈውን ጥቁር ሣጥን አየ። ሣጥኑ ወገበ ቀጭን፣ አንገቱ ረጅም ነው። ልብስ የሚከተትበት እንዳልሆነ ማንም ያውቃል።

"ምንድን ነው ይኸ?" አለ፣ እንደምን ዋልህ እንኳ ሳይል።

"ጊታር ነው፣ አያ ካሴ። እንደምን ከርመሃል?"

"በሁዳዴ? የዘፈን ዕቃ ታቅፈህ የአባትህ ቤት ልትገባ?"

አለኸኝ ሳቀ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ሌላው ሰው ሲቆጣ እሱ ይስቃል። አዲስ አበባ በክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ሲጫወት ኖሮ፣ ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ ጓደኞቹ ሲበተኑ እሱም አንድ ካፖርትና አንድ ጊታር ይዞ ወዳገሩ መመለሱ ነው። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ኀምሳ ሦስት፣ ወሩ የካቲት ነበር። የፎገራ መሬት በፀሐይ ተሰነጣጥቆ፣ ከብቱ ወደ ጣና ዳር ወርዶ፣ ሰው የሽምብራ አጨዳ ላይ ነበር። ካሴም ማጭዱን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ነው የመጣው። ሣጥኑን አላገዘውም።

አባታቸው ገሰሰ በሕይወት ሳለ፣ ከሐሙሲት እስከ ይፋግ "የበገናው ቤት" ብሎ የጠየቀ መንገደኛ አይጠፋም ነበር። በየሁዳዴው እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ዳቦና ቆሎ ይዞ ግቢውን ይሞላል። ገሰሰ በገናውን ከግድግዳው አውርዶ፣ ጨርቁን ገልጦ ይደረድራል። የሱ በገና ከሌላው የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ትልቁን ጅማት ከሰው ሁሉ ዝቅ አድርጎ ይቃኘዋል። ሌሎቹም ትልቁን ተከትለው ይወርዳሉ። ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በደረት የሚሰማ ነበር። "በገና ከፍ ሲል ይለፈልፋል፣ ዝቅ ሲል ይጸልያል" ይል ነበር ሽማግሌው። የሆሳዕና ለት ለመጨረሻ ጊዜ ይደረድርና፣ ሕማማቱ የስግደት ነውና፣ በሰው ፊት ጅማቶቹን አንድ በአንድ ያላላቸዋል። "የከርሞ ሰው ይበለን" ይላል። ግቢው "አሜን" ይላል። በገናው እስከሚቀጥለው ሁዳዴ ይሰቀላል። የዚያ ቤት ወግ ይኸ ነው።

ገሰሰ ቅኝቱን ያስተማረው ለአለኸኝ ነው። ካሴ በኵር ነውና ሞፈር ጨበጠ፤ ታናሹ ጆሮ ነበረውና አባቱ እግር ሥር ተቀመጠ። ሲጎለምስ ግን በገናውንም አባቱንም ጥሎ ወታደር ሊሆን ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌው ታሞ ወደቀ። ስምንት ወር ሙሉ ካሴ አነሣው፣ አጠበው፣ አጎረሰው። ሽማግሌው ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ "አለኸኝ መጣ?" እያለ ጠየቀ። ሲሞት በገናውን እንደተቃኘ ለካሴ ሰጠው፤ በኵር ነዋ። እንጅ ሌላ ማን አለ? ካሴ ይህንን ያውቅ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ እንደ እሾህ ውስጡ ተቀምጦ ነበር።

አንድ ነገር ግን ማንም አያውቅበትም። ካሴ በገና መቃኘት አይችልም። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸ ነው። አባቱ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን በሩን ዘግቶ በገናውን ጭኑ ላይ አደረገና፣ በላይኛው እንጨት ላይ፣ በቀምበሩ፣ ጅማቶቹን የሚያጠብቁት መቃኛዎች ከቆሙበት ከእያንዳንዳቸው ጎን በማጭድ ጫፍ ምልክት ቀረጸ። ድንበር መትከሉ ነበር። ክረምት ርብ ወንዝ ሞልቶ ሲወጣ የፎገራ ማሳ ሁሉ አንድ ባሕር ይሆናል፤ ውኃው ሲጎድል ግን ሰው የድንበር ድንጋዩን አይቶ መሬቱን ያውቃል። ካሴ የቅኝትም ነገር እንዲሁ መሰለው። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ መቃኛዎቹን ከምልክታቸው ያገጥማል፤ "ተቃኘ" ይላል። ጅማት ግን ድንጋይ አይደለም፤ የበግ አንጀት ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል፣ ሲጎተት ይረዝማል፣ ሲያረጅ ይለግማል። ጎረቤቱ ለገሰሰ ነፍስ ብሎ ይመጣል፣ ቆሎውን ይቆረጥማል፣ "እግዜር ይስጥልን" ብሎ ይሄዳል። እናታቸው እማማ ደብሬ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ግድግዳውን ተደግፋ ታዳምጣለች፤ ምንም አትልም። ካሴም ዝምታዋን ምርቃት አድርጎ ይወስደው ነበር።

አለኸኝ በመጣ በመጀመሪያው እሑድ ግቢው ከወትሮው ሞላ። ሰው የመጣው ወታደሩን ለማየት ነው፤ ካሴ ግን ለበገናው አደረገው። ምልክቱን አገጠመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ደረደረ። ትልቁን ጅማት ሁለት ጊዜ እንደነካ በሩ ላይ የተቀመጠው አለኸኝ ቀና አለ። ሦስተኛ ሲነካው አላስቻለውም።

"አያ ካሴ፣ ትልቁ ጅማት ሽቅብ ወጥቷል እኮ። ሌሎቹም እንጃላቸው። ልቃኝልህ?"

ምናልባት በቅን ነው። ምናልባትም አይደለም። ሃያ ሰው ፊት የተባለ ነገር ቅን ሆነ አልሆነ ምን ዋጋ አለው? ያም ሆነ ይህ፣ በዚያ አገር የሰው በገና ባለቤቱ በእጁ ካላቀበለ አይነካም፤ "ልቃኝልህ" ማለትም "አታውቅም" ማለት ነው። ካሴ በገናውን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ወንድሙን አየው።

"አባትህ ሲጣራ ጆሮህ የት ነበር?" አለው። "ስምንት ወር ስምህን ጠርቶ ሞተ። ያን ያልሰማ ጆሮ ዛሬ የኔን ጅማት ሰማ!"

"እኔስ ሩቅ ነበርሁ" አለ አለኸኝ፤ አሁን አልሳቀም። "አንተ ሰባት ዓመት ታቅፈኸው አልሰማኸውም።"

"ከዛሬ ጀምሮ በገናዬን ብትነካ እጅህን አልምርልህም!"

"በጾም! በጾም እኮ ነው!" አለች እማማ ደብሬ። "አፋችሁን ሰብስቡ።" ማንም አልሰማትም። አለኸኝ ያን ማታ ሣጥኑን ይዞ አክስታቸው ሸዋነሽ ቤት ገባ። በሁለቱ ግቢ መካከል ያለው የቅንጭብ አጥር ብቻ ነው።

በሳምንቱ አለኸኝ በሸዋነሽ ግቢ፣ በሾላው ሥር፣ ጊታሩን አወጣ። ወሬው ከጭስ ፈጥኖ ደረሰ። ሴቶቹ አማተቡ፤ ወንዶቹ "ዘበኛው አብዷል" አሉ፤ ያበደ ሰው ደግሞ ሳይታይ አይቀርምና ሁሉም መጡ። ከሁሉ በኋላ የነፍስ አባታቸው አባ ደረሰ መቋሚያቸውን እየጎተቱ ደረሱ። ካሴ ከአጥሩ ጀርባ ቆሞ በቅንጭቡ ክፍተት ያያል። ልቡ በደስታ ይመታ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ከፋሲካ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

"በጾመ ሁዳዴ!" አሉ አባ ደረሰ። "ይኸን የፈረንጅ ክራር ለዘፈን አውጥተህ፣ ወረታን ሰዶም ልታደርጋት ነው?"

አለኸኝ ተነሥቶ መስቀላቸውን ተሳለመ። "አባ፣ እንጨቱ ምን አጠፋ? የዘፈንም የጸሎትም የሚያደርገው ቅኝቱ ነው። ይፍቀዱልኝና ልቃኘው። ዘፈን ከሆነ በመቋሚያዎ ይስበሩት፤ አልከለክልዎትም።"

"ስሰብረው እንዳታለቅስ!" አሉና ቆሙ።

አለኸኝ ከጊታሩ አንገት ጫፍ ያሉትን መጠምዘዣዎች ያዘ። መጀመሪያ ወፍራሙን ሽቦ አላላው። ድምፁ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ወረደ። "በቃ" የሚባልበት ላይ አላቆመም፤ ሽቦው ልል ሆኖ ከእንጨቱ ጋር እስኪንቀጫቀጭ አወረደው። ከዚያ ሌሎቹን አምስቱን አንድ በአንድ፣ ግማሹን በብዙ፣ ግማሹን በጥቂቱ ዝቅ አደረጋቸው። ከጫማው ጠፍር ቀጫጭን ቆዳ ሰንጥቆ በሽቦዎቹና ሽቦዎቹን በተሸከመው አጥንት መካከል ወሸቀ፤ በበገና ላይ ድምፁን የሚያንዘረዝረውም እንዲህ ያለ ቆዳ ነው። በገና ዐሥር ጅማት አለው፤ ገሰሰ ሲደረድር ግን የሚያናግረው ስድስቱን ብቻ ነበር፤ የቀሩት አራቱ የጣት ማረፊያ ናቸው። ጊታሩም ስድስት ነው። ይህን የሚያውቅ በዚያ ቦታ ሁለት ሰው ነበር፤ አንዱ አጥር ጀርባ ነው።

ከዚያ ደረደረ።

አባ ደረሰ ያነሡት መቋሚያ ቀስ ብሎ ወረደ። "ይኸ ገሰሰ ነው" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ሸዋነሽ የወንድሟን ስም ጠርታ ደረቷን ደቃች። ካሴ ግን የሚያየው እነሱን አልነበረም። ዞሮ በራሱ ደጅ የተቀመጠችውን እናቱን ነበር። እማማ ደብሬ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ፊቷን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰባት ዓመት ደርድሮላት አንድ ቀን እንኳ ፊቷን ሸፍና አታውቅም።

በሚቀጥለው እሑድ ካሴ ግቢውን ጠርጎ፣ ውኃ ረጭቶ፣ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፎ ጠበቀ። ማንም አልመጣም። እናቱ ራሷ "እስቲ ወደ ሸዋነሽ ምሩኝ" ብላ በሰው እጅ ተይዛ ሄደች። ከአጥሩ ማዶ የአባቱ ድምፅ መጣ። ካሴ ባዶ ግቢ መካከል በገናውን ታቅፎ ተቀመጠ። ቀና፣ እንዴት ያለ ቅናት! ወንድሙን በቁሙ ለመቅበር ፈለገ። ሌባ ከብት ይነዳል፤ ይኸ ሰው ግን እናት ነዳበት። የገሰሰን ቅኝት ካላገኘ የበገናው ቤት የሱ መሆኑ አበቃ፤ ይህንን ከማንም በላይ ራሱ አወቀው።

ከሆሳዕና በፊት ባለው የይፋግ ገበያ ቀን አለኸኝና ሸዋነሽ በጠዋት ሄዱ። ካሴ በጋቢው ሥር በገናውንና ማጭዱን ይዞ በአጥሩ ክፍተት ገባ። የመጣው ቅኝቱን ሊሰርቅ፣ ጊታሩንም ሊያጠፋ ነው። ሣጥኑን ከፈተ፤ ወፍራሙን ሽቦ በአውራ ጣቱ ነካው። የአባቱ ደረት መለሰለት። መሬት ተቀመጠ።

መጀመሪያ ቅኝቱን ልውሰድ፣ ከዚያ ጊታሩን አጠፋዋለሁ አለ።

ካሴ ጆሮ ባይኖረው የአራሽ ትዕግሥት አለው። ጊታሩን ይነካል፣ በገናውን ይነካል። ሁለቱ ድምፆች አብረው ሲወጡ፣ አንዱ ቀድሞ አንዱ ቀርቶ እንደሚጎተት ያልተጣጣመ በሬ ይታገላሉ። መቃኛውን ትንሽ ያዞራል፣ እንደገና ይነካል። ጠፍቶት፣ አልፎት፣ ተመልሶ፣ በመጨረሻ ሁለቱ ድምፆች እኩል ሲረግጡ ይሰማዋል። እኩለ ቀን ሆነ፤ ሦስት ጅማት። ፀሐይ ዘቀዘቀች፤ አምስት። ስድስተኛው፣ ትልቁ፣ ላቡን አንጠፈጠፈው። ሲገጥም በገናውን ብቻውን ደረደረ። ገሰሰ መጣ። ካሴ አለቀሰ። ስምንት ወር አስታሞ፣ ቀብሮ፣ አባቱን ያገኘው ያኔ ነው።

እዚያ ላይ ተነሥቶ ቢሄድ ምን ነበረበት? ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ማጭዱን አወጣና ከእያንዳንዱ መቃኛ ጎን አዲስ ምልክት ቀረጸ፤ ከድሮው የጠለቀ። "አሁን የኔ ነው" አለ። ከዚያ ወደ ጊታሩ ዞረ። ወንድሙ ዝቅ ያደረገውን ሁሉ ከፍ አደረገው። መጠምዘዣውን አዞረ፣ አዞረ፤ ሽቦው ጮኸ፣ ጮኸና ተበጠሰ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ወፍራሙን መጨረሻ አስቀረው። ሲበጠስ ተወርውሮ ጉንጩን ከዓይኑ ሥር እስከ አገጩ ገረፈው። እንደዚያ ያለ ሽቦ ወረታ አይገኝም፤ ጎንደርም መገኘቱ እንጃ። ካሴ ደሙን በጋቢው ጠርጎ በመጣበት ተመለሰ።

የሆሳዕና ለት ሰው ጣቱን በዘንባባ አስሮ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ካሴ ግቢ መጣ። የጊታሩ ሽቦ መበጠሱን ሁሉም ሰምቷል፤ ሌላ የት ይሄዳል? አለኸኝም መጣ። ማንንም አልከሰሰም፤ እናቱ አጠገብ ተቀመጠና የወንድሙን ፊት ብቻ አየ።

"አያ ካሴ፣ ጉንጭህን ምን አገኘው?"

"እሾህ ነው።"

"አጋምም እንደ ሽቦ ይገርፋል እንዴ ዘንድሮ?"

ማንም አልሳቀም። አባ ደረሰ አንገታቸውን ደፉ። ግቢው ሁሉ ማን እንዳደረገው አወቀ፤ ካሴም ማወቃቸውን አወቀ። ቢሆንም አልፈራም። ይደርድር እንጅ፣ ሲሰሙት ሁሉ ይረሳል።

ጨርቁን ገለጠ። ጅማቶቹን በጣቱ ከመንካቱ በፊት መቃኛዎቹን አየ፤ ሁሉም ከአዲሱ ምልክታቸው ላይ ናቸው፤ አንዳቸውም አልተነቃነቁም። ትልቁን ነካው። ገሰሰ አልነበረም። ከገበያው ቀን ወዲህ በበጋው ሙቀት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ አንዱ አንጀት ተኮማትሮ፣ አንዱ ረዝሞ ከቅኝቱ ወጥቷል። ካሴ ሌላውን ነካ፤ ሌላውን። ጥቂት አጠበቀ፤ አለፈው። አላላ፤ ጠፋው። የሚያስተያይበት ድምፅ ፈለገ። ያ ድምፅ የነበረው በስድስት ሽቦ ላይ ነበር። ስድስቱንም በገዛ እጁ በጥሷል። ግንባሩ ላይ ላብ መጣ፤ ሰው መሬት መሬት አየ።

"ካሴ ልጀ" አለች እማማ ደብሬ። "ስለ አባትህ ብለህ፣ አቀብለው።"

ካሴ እናቱን አየ፤ ወንድሙን አየ። ከዚያ በገናውን በሁለት እጁ ዘረጋ። "ቃኝልኝ" አለ። 

አለኸኝ ተቀበለ። በአውራ ጣቱ ቀምበሩን ሲዳብስ ቆም አለ። አሮጌው ጭረት፤ አጠገቡ አዲሱ ጭረት። ሌላው፤ ሌላው። ሁሉንም ዳበሰ። ቀና ብሎ ወንድሙን ሲያየው ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ካሴ አልለየውም። ምልክቶቹን ትቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቃኘ። ብዙም አልፈጀበትም። ደረደረ፤ ገሰሰ ለስምንተኛ ዓመቱ ወደ ገዛ ግቢው ገባ። እማማ ደብሬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አባ ደረሰ አለቀሱ። ካሴም አለቀሰ፤ ወንድሙ ይቅር ያለው መሰለው። ከነገ ጀምሮ አጠገቡ ተቀምጦ እንደ ልጅ ሊማርም አሰበ።

ድምፁ ሲያልቅ አለኸኝ የመጀመሪያውን መቃኛ ያዘና አላላው። ጅማቱ ወደቀ። ሁለተኛውን አላላ። ማንም አልደነገጠም፤ የቤቱ ወግ ነው፤ አባቱም እንዲሁ ያደርግ ነበር። አባቱ ግን ሲያላላ ጅማቱን ነበር የሚያየው። አለኸኝ ዓይኑን ከካሴ ዓይን አልነቀለም። አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል፣ ዐሥሩንም አላላቸው። ትልቁን መጨረሻ አስቀረው።

"የከርሞ ሰው ይበለን" አለ።

"አሜን" አለ ግቢው። ካሴ ብቻ አሜን ማለት አቃተው። የላላውን በገና ጭኑ ላይ አስቀመጡለት።

በማግሥቱ አለኸኝ ባዶ ጊታሩን ይዞ ወደ ጎንደር በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፈረ። ሰሙነ ሕማማት ሰላምታ የለምና ማንንም አልተሰናበተም፤ ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ወሬውን ሸዋነሽ ከአጥሩ ማዶ ነገረቻቸው። እማማ ደብሬ ደጅ ተቀምጣ ነበር።

"ከርሞስ ማን ይቃኘዋል?" አለች።

"ምልክት አለኝ፣ እናቴ" አለ ካሴ።

"ምልክትህንማ ሰባት ዓመት ሰማሁት" አለችና፣ ለስግደት ልትሄድ ምርኩዟን በእጇ ፈለገች። ምርኩዙ ካሴ አጠገብ ነበር፤ አቀበላት።